ክሪፒንግ ጄኒ አኳሪየም ውስጥ የታችኛው ቅጠሉ እየረገፈ ነው፤ ለጓሮ ኩሬስ እንዴት ይተከላል?

ጀማሪ ዓሣ አርቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ክሪፒንግ ጄኒ (ሊሲማኪያ ኑሙላሪያ) ስለሚባለው ተክል ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የአኳሪየሙ። ገንዳው 60 በ40 በ40 ሳንቲሜትር ነው፤ ወደ 95 ሊትር ይይዛል። ውስጡ ጉፒና ኮሪዶራስ አለ። የውሃው ሙቀት 27 ዲግሪ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.4 ሲሆን ውሃው ካልሲየም የበዛበት ጠጣር ውሃ ነው። መብራቱ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ሆኖ በቀን 12 ሰዓት ይበራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልጨምርም። ወለሉ 4 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ደቃቅ ጠጠር ነው። ተክሉ ሲሸጥ በእርሳስ ብረት ማሰሪያ የታሰረ ስለነበር እንደታሰረ ተተከለ። ጫፉ አረንጓዴና ጤነኛ ነው፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ግን ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፤ ግንዱም ማሰሪያው አካባቢ ጠቁሮ ላልቷል። ወርቃማ ቅጠል የነበረው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። "ጠንካራ ነው፣ የትም ይበቅላል" የሚባልለት ተክል ነው፤ ታዲያ ምን ሆኖ ነው?

ሁለተኛው የኩሬው። 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ሳንቲሜትር የሆነ የጓሮ ኩሬ አለ። ዙሪያውን 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው እርከን አለው። ጥቁሩ የጎማ ንጣፍ ጠርዙ ላይ ስለሚታይ እሱን የሚሸፍን ነገር እፈልጋለሁ። ጥቂት ጎልድፊሾች አሉበት። ይኸው ተክል ይሆናል? ስንት ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ ይቀመጣል? ምን ዓይነት አፈር ይፈልጋል? ኩሬውን ሁሉ ይወርሰው ይሆን?


ወረንጦ፦

የአኳሪየሙን ልመልስ፤ ኩሬውን ለሚመለከታቸው እተዋለሁ።

ከዘረዘሩት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደራርበው ነው ተክሉን የጎዱት፦ ሙቀቱ፣ የመብራቱ ድክመትና እስሩ። ፒኤቹና የውሃው ጠጣርነት ምንም አላደረጉትም። ከ6 እስከ 8 ባለው ፒኤች ይኖራል፤ ጠጣር ውሃም አይከብደውም።

"ጠንካራ ነው" ያለዎት ሰው አልዋሸም፤ ጥንካሬው በምን ላይ እንደሆነ ግን አልነገረዎትም። ይህ ተክል መሠረቱ የውሃ ተክል አይደለም። የአውሮፓ እርጥብ ሜዳዎች፣ የወንዝና የቦይ ዳርቻዎች ላይ መሬት ለመሬት የሚሳብ የዳር ተክል ነው። ውርጭ አይገድለውም፤ ቢረገጥም ከእያንዳንዱ አንጓ (ቅጠል ከግንዱ ከሚወጣበት መጋጠሚያ) ሥር አውጥቶ ይነሳል፤ ጎርፍ ቢያጥለቀልቀውም ውሃው እስኪጎድል መቆየት ይችላል። አኳሪየም ውስጥ የሚኖረው በዚህች በመጨረሻዋ ችሎታው ነው። ስለዚህ እኛ የምናደርገው "ጎርፉን" ለዘለቄታው እንዲችለው ማገዝ ነው። የሚያግዘውም ቀዝቀዝ ያለ ውሃና በቂ ብርሃን ነው።

ሙቀት ለምን ይጎዳዋል? ውሃው በሞቀ ቁጥር የተክሉ አተነፋፈስ ይፈጥናል፤ በየ10 ዲግሪው በግምት እጥፍ ይሆናል። ተክሉ የሚተነፍሰው ቀን በብርሃን ያመረተውን ስኳር እያቃጠለ ነው። በ27 ዲግሪ የሚያቃጥለው ብዙ ነው፤ በ10 ዋት መብራት የሚያመርተው ደግሞ ትንሽ ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ንጥረ ነገር እየሳበ ወደ ጫፉ ይልካል። ጫፉ ጤነኛ ሆኖ ታችኛው የሚረግፈው ለዚህ ነው። ተክሉ ታሟል ለማለት አይቻልም፤ ወጪው ከገቢው በልጦበታል እንጂ።

ስለዚህ ማሞቂያውን በቀን 1 ዲግሪ ብቻ እየቀነሱ 23 ወይም 24 ላይ ያቁሙት። ጉፒው በዚህ ሙቀት አይቸገርም፤ ኮሪዶራሱ እንዲያውም ይመቸዋል። ለተክሉ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ 26 እንደ ድንበር ይያዝ። 28ና ከዚያ በላይ የሚፈልጉ እንደ ዲስከስ ያሉ ዓሦች ያሉበት ገንዳ ከሆነ ግን ሌላ ተክል መፈለግ ይሻላል፤ መታገሉ ዋጋ የለውም።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ይሰጣል። ለ95 ሊትር ሲካፈል በሊትር 10 ሉመን ብቻ ነው። ክሪፒንግ ጄኒ በሊትር ከ20 እስከ 30 ሉመን ቢያገኝ ነው ታችኛውን ቅጠል ይዞ የሚቆየው፤ ለእርስዎ ገንዳ ከ1900 እስከ 2800 ሉመን ማለት ነው። ደካማ መብራትን 12 ሰዓት ማብራት ጉድለቱን አይሞላም። ከተወሰነ መጠን በታች ያለ ብርሃን የተክሉን የዕለት ወጪ አይሸፍንምና ሰዓት ቢጨመርበትም የሚጠቀመው አልጌ ነው፤ አልጌ በትንሹ ይረካል። አዲሱን መብራት ሲገጥሙ በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ በማብራት ይጀምሩ። መስታወቱና ቅጠሉ ላይ አልጌ ካልታየ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ በቀን 8 ሰዓት ሲሞላ ጭማሪውን ያቁሙ።

የእርሳስ ማሰሪያው ተክሉ በጉዞና በሱቅ እንዳይበተን የሚታሰር ነው፤ አብሮ አይተከልም። ግንዶቹ ሲጨናነቁ መካከል ላይ ያሉት ብርሃንም የውሃ እንቅስቃሴም አያገኙም፤ ማሰሪያው ደግሞ ለስላሳውን ግንድ ይጨፈልቀዋል። መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የጠቆረው ግንድ ስለማይድን እንዲህ ያድርጉ።

ሁሉንም ይንቀሉና የጠቆረውንና የላላውን ክፍል በስለታም መቀስ ቆርጠው ይጣሉ። ጤነኛውን ጫፍ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር አድርገው ከአንጓ በታች ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ትተው ይቁረጡ፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው። ከታች ያሉትን የሁለት አንጓ ቅጠሎች በጥፍር ያንሱ። ቅጠል እንዳለ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ በስብሶ ግንዱንም ያበላሻል። ከዚያ እያንዳንዱን ግንድ ለብቻው በረጅም ወረንጦ የታችኛውን ጫፉን ይዘው ጠጠሩ ውስጥ 3 ሳንቲሜትር ያህል ይስደዱት፤ ወረንጦውን ሲያወጡ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሉት፣ አለበለዚያ ግንዱም አብሮ ይወጣል። በግንዶቹ መካከል ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ይተዉ። ተክሉ ስለሚንሳፈፍ ሥር እስኪይዝ ድረስ ሥሩ ላይ ትንንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስደገፍ ይቻላል። ኮሪዶራስ አፈር መማስ ስለሚወድ ለእርስዎ ይህ ግድ ነው።

ውሃ ውስጥ ተክሉ አይሳብም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው "የወለል ምንጣፍ ይሆናል" ብሎ ከፊት ይተክለውና ያዝናል። ቦታው መካከለኛው ረድፍ ወይም የኋላው ጥግ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ግንድ በአንድ ቡድን ሲሆን ያምራል።

ሌላ መጠበቅ ያለበት ነገር፣ ለሽያጭ የሚቀርበው አብዛኛው ከውሃ ውጭ ያደገ ነው። ያ ወፍራምና አንጸባራቂ ቅጠል ለአየር የተሠራ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተወሰነው ይረግፋል። በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት የሚረግፍ ቅጠል አያስደንግጥዎ፤ አዲስ የሚወጣው ቀጠን ያለና ለውሃ የተስማማ ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላም መርገፉ ከቀጠለ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ወርቃማው ቀለም የብርሃን ጉዳይ ነው። 'አውሪያ' የሚባለው ዝርያ ወርቃማ የሚሆነው በጠንካራ ብርሃን ሲሆን በጥላ ውስጥ ሎሚ አረንጓዴ ይሆናል። አኳሪየም ውስጥ በጥሩ መብራትም ቢሆን ቢጫ የነካው አረንጓዴ ካገኙ ይበቃዎታል። ሙሉውን ወርቅ የሚያዩት ኩሬው ዳር ነው።


የኩሬ ዳር፦

ወረንጦ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ኩሬው ላይ ግን ነገሩ ይቀላል፤ ተክሉ ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው። እዚያ የሚያሳስበው ተክሉ መሞቱ ሳይሆን መብዛቱ ነው።

ጥልቀቱን በመጀመሪያ። የአፈሩ ገጽ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ወይም ቢበዛ 5 ሳንቲሜትር ከታች መሆን አለበት። የእርስዎ እርከን 25 ሳንቲሜትር ስለሆነ ቅርጫቱን በቀጥታ እርከኑ ላይ ካስቀመጡት ይሰምጣል። 15 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው ቅርጫት ከሆነ ከሥሩ 8 ወይም 10 ሳንቲሜትር የሚሆን ጡብ ያስገቡለት። የጡቡ ሻካራ ጠርዝ ጎማውን እንዳይበሳ ከታች ቁራጭ የንጣፍ ጎማ ወይም ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ። አዲስ የሲሚንቶ ብሎኬት አይጠቀሙ፤ ኖራ እየለቀቀ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል፤ የተቃጠለ የሸክላ ጡብ ይሻላል።

አፈሩ ከባድ፣ የሸክላነት ባሕርይ ያለውና ፍግም ሆነ ብስባሽ ያልገባበት የጓሮ አፈር ይሁን። ለአበባ ማሰሮ የሚሸጠው ቀላል ድብልቅ አይሆንም፤ ግማሹ ይንሳፈፋል፣ ግማሹ ይበሰብሳል፣ የሚለቀው ፎስፌት ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ ሾርባ ያደርገዋል። የቅርጫቱ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ ውስጡን በጆንያ ጨርቅ ይሸፍኑ። ለ20 በ20 ሳንቲሜትር ቅርጫት ከ3 እስከ 5 ቁራጭ ይበቃል። እያንዳንዱን ቁራጭ ቀጥ አድርጎ ከማቆም ይልቅ ጋደም አድርገው ሁለት ሦስት አንጓዎቹን በአፈር ይሸፍኑና ጫፉን ብቻ ወደ ላይ ይተዉት፤ ከየአንጓው ሥር ስለሚያወጣ ቶሎ ይይዛል። በላዩ 2 ሳንቲሜትር ታጥቦ የጠራ ጠጠር ያልብሱ። ጎልድፊሽ አፈር ቆፋሪ ነውና የጠጠሩ መጠን ከ1 ሳንቲሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ደቃቁን አንስቶ ይተፋዋል። ቅርጫቱን ኩሬው ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት በውሃ ማጠጫ በደንብ ያርሱት፤ ደረቅ አፈር በድንገት ሲገባ አየሩ እየፈነዳ አፈሩን ይበትነዋል።

ጠርዙን ለመሸፈን ቅርጫቶቹን በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይደርድሩ። ግንዶቹ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ስለሚሳቡ በአንድ የእድገት ወቅት ይገናኛሉ። ግማሾቹን ግንዶች ወደ ጎማው ጠርዝ፣ ግማሾቹን ወደ ውሃው ያዙሯቸው። ወደ ውሃው የሚሄዱት ገጹ ላይ ተንሳፈው ይዘረጋሉ፤ ከሥራቸው የዓሣ ጫጩትና የእንቁራሪት ጫጩት ይደበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። ተክሉ ከኩሬው ወጥቶ በጠርዙ ላይ ተሻግሮ ደረቁ የጓሮ አፈር ውስጥ ሥር ሲሰድድ በጎማው ላይ የአፈርና የሥር ድልድይ ይፈጠራል። ይህ ድልድይ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ከኩሬው እየሳበ ወደ ጓሮው ያስተላልፋል። ሰው "ጎማው ተቀደደ" ብሎ ኩሬውን ያደርቃል፣ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ አያገኝም። የውሃው መጠን ጠርዙ ላይ ያለው አፈር ከውሃው ገጽ እስኪለይ ወርዶ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። መከላከያው የጎማውን ጫፍ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ቀጥ ማቆም፣ ከጀርባው በድንጋይ መደገፍና በየወሩ ጣት ከተክሉ ሥር እየከተቱ ተሻግሮ ሥር የያዘውን መንቀል ነው። ቅጠሉ ጠርዙን ቢሸፍን ችግር የለውም፤ የሚከለከለው ሥሩና አፈሩ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አረንጓዴው ዝርያ በፀሐይም በከፊል ጥላም ይሆናል። ወርቃማው የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ሲያገኝ ቀለሙ ያምራል። ሥሩ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙሉ ፀሐይንም ይችላል፤ የውሃው መጠን ወርዶ አፈሩ ሲደርቅ ግን የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። በተቃራኒው ጥላ ከበዛበት ግንዱ ይረዝማል፣ በአንጓዎች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ቢጫ አበባውም ይቀንሳል።

ማዳበሪያ አይጨምሩ። የዓሣው ቆሻሻ ይበቃዋል። ቅርጫቱ ከ2 ወይም 3 ዓመት በኋላ በሥር ሲሞላና መካከሉ ራሰ በራ ሲሆን አውጥተው በቢላ ይከፋፍሉት፤ የዳሩን ወጣት ክፍል መልሰው ይትከሉ፣ የመካከሉን አሮጌ ይጣሉ።

ብርድ ባለበት አካባቢ ቅጠሉ በውርጭ ይሞታል፤ ሥሩና አንጓው በረዶ ውስጥም ቢሆን ይተርፋል፤ እስከ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ድረስ የሚችል ተክል ነው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ውሃው ላይ የተዘረጉትን ግንዶች ይቁረጡ፤ ካልተቆረጡ ሰምጠው ይበሰብሱና ኦክስጅን ይሻማሉ።


ሦስተኛው አንጓ፦

ወረንጦ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ልጨምርበት፣ አንዱን ደግሞ ልቃወም።

የምቃወመው ሙቀቱን ነው። 26ን እንደ ጥብቅ ድንበር ማስቀመጥ ትንሽ ይጠብቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጨመርበትና መብራቱ ጠንካራ የሆነ ገንዳ ውስጥ በ27ም በደንብ ያድጋል፤ አንተው ራስህ እንዳልከው ነገሩ የገቢና የወጪ ሚዛን ነውና ገቢው ካደገ ወጪውን ይችላል። ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያልከው ልክ ነው፤ ለጠያቂው 24 ይሻላል።

የምጨምረው አንደኛው ነገር ምግቡ ነው። ጠያቂው የሰጡት ዝርዝር ውስጥ ማዳበሪያ የለም፤ ወለሉም ባዶ ጠጠር ነው። ይህ ተክል ከሥሩም ከቅጠሉም ይመገባል። ከየአንጓው የሚያወጣቸው ነጫጭ ሥሮች ውሃው ውስጥ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ አይቁረጧቸው፣ ምግብ ሳቢዎች ናቸው። ስለዚህ ወለሉ ላይ እንክብል ከመቅበር ይልቅ ፈሳሽ ማዳበሪያ ይመረጣል። ናይትሬት ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም በሊትር፣ ፖታሲየምም እንዲሁ፣ ብረት 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ከተገኘ በቂ ነው። ዓሣ ያለበት ገንዳ ናይትሬት ስለማያጣ ከመጨመር በፊት መለካት ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ፖታሲየምና ብረት ነው።

ጉድለቱን ከቅጠሉ ማንበብ ይቻላል። አሮጌ ቅጠል ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጥቦች ታይተው ዙሪያቸው ቢጫ ሆኖ ከሰፋ የፖታሲየም ጉድለት ነው። አሮጌው ቅጠል በሙሉ ወጥ ሆኖ ከገረጣ ናይትሮጅን ነው። አዲሱ ጫፍ ገርጥቶ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ከሆኑ ብረት ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ወርቃማው ዝርያ በጤናው ጊዜም ጫፉ ቢጫ ስለሆነ የብረት ጉድለቱ አይታወቅም። ሰው ቀለሙን ሲያይ "ብረት አነሰው" ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በመጨረሻ አልጌ ያመርታል። በወርቃማው ላይ መታየት ያለበት ቀለሙ ሳይሆን የአዲሱ ቅጠል መጠን ነው፤ ቅጠሉ ከሱ በታች ካለው እያነሰና እየተጨማደደ ከሄደ ጉድለት አለ፣ መጠኑ እኩል ከሆነ የለም።

ሁለተኛው፣ የተሸጠልዎት በእርግጥ ክሪፒንግ ጄኒ መሆኑን ያረጋግጡ። ባኮፓ ካሮሊኒያና የሚባል ሌላ ተክል በዚህ ስም ሲሸጥ ይታያል፤ ሁለቱም ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ ነው። የባኮፓው ቅጠል ወፍራምና ሥጋማ ነው፣ በቀጥታ ግንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈጭ የሎሚና የናና ዓይነት ሽታ አለው፤ ከውሃ ውጭ ሲያብብ አበባው ሰማያዊ ነው። የክሪፒንግ ጄኒ ቅጠል ቀጭንና ክብ ነው፣ አጭር እንጥልጣይ (ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዝ እግር) አለው፣ ሽታ የለውም፣ አበባው ደማቅ ቢጫ ነው። ልዩነቱ ለእርስዎ ትርጉም አለው፤ ባኮፓው ሙቀት ስለሚወድ በ27 ዲግሪ ይመቸዋል፣ ኩሬ ዳር ግን ውርጭ ይገድለዋል። ወርቃማ ቅጠል ነበረው ስላሉ የእርስዎ ትክክለኛው ይመስለኛል።

አንድ ሌላ አማራጭም አለ። ሥሩ ገንዳው ውስጥ ሆኖ ጫፉ ከውሃው በላይ እንዲወጣ መተው፣ ወይም ጠርዝ ላይ በሚንጠለጠለው ማጣሪያ ውስጥ ሁለት ሦስት ቁራጭ ማስቀመጥ። ጋዝ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። ጫፉ አየር ላይ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በነፃ ያገኛል፤ እድገቱ ወዲያው ይለወጣል፤ ቅጠሉ እንደ መጋረጃ በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፤ ሥሩም ናይትሬቱን ይጠጣዋል። አበባ ማየት ለሚፈልግም ከዚህ ሌላ መንገድ የለም፤ ውሃ ውስጥ አያብብም።


ጀማሪ ዓሣ አርቢ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ቅጠሉን ፈጭቼ አሸተትኩት፤ ሽታ የለውም፣ አጭር እንጥልጣይም አለው፣ ስለዚህ ክሪፒንግ ጄኒ ነው። ተጨማሪ ሁለት ነገር፦ ከአኳሪየሙ የምቆርጠውን በቀጥታ ኩሬው ዳር መትከል ይቻላል? በተቃራኒውስ ለአትክልት ማስዋቢያ የተሸጠውን አኳሪየም ውስጥ ማስገባት? ወደፊት ሽሪምፕ ለመጨመር አስቤአለሁ።


ንጹህ ጠጠር፦

ከአኳሪየም ወደ ኩሬ ይቻላል፤ በቀጥታ ግን አይሆንም። ውሃ ውስጥ ያደገ ቅጠል ውሃ እንዳይተንበት የሚከላከለው ሰም መሰል ሽፋን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። ዝቅ ያለ ሳህን ውስጥ እርጥብ አፈር አድርገው ቁራጮቹን ጋደም ያድርጓቸው፣ ውሃው ግንዱን ብቻ ይሸፍን፣ ከላይ ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ይክደኑትና ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት። አዲስ ቅጠል አየር ላይ ሲያወጣ ክዳኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይክፈቱ፤ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ይነሳል። አሮጌው ቅጠል ቢጠወልግ ግንዱ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ይተዉት። ሌላው ቀላል መንገድ ቁራጩን ኩሬው ላይ ጥላ ባለበት ጥግ ማንሳፈፍ ነው፤ ጫፉን ራሱ ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ይተከላል።

ከአትክልት ወደ አኳሪየም ሲሆን ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ በተለይ ሽሪምፕ ካሰቡ። ለማስዋቢያ የሚሸጡ ተክሎች ብዙ ጊዜ ኢሚዳክሎፕሪድን የመሰለ ፀረ ተባይ ይደረግባቸዋል። ይህ መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ በማጠብ አይወጣም፤ ለዓሣ እምብዛም የማያሰጋው መጠን ሽሪምፕን ይፈጃል። ሥሩን ከአፈሩ ሙሉ በሙሉ አጥበው ባልዲ ውስጥ በውሃ ብቻ ያሳድጉት፣ ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩ፣ ከአንድ ወር በኋላ አዲስ የወጣውን ጫፍ ብቻ ቆርጠው ያስገቡ። የመጀመሪያውን ግንድ ሽሪምፕ ያለበት ገንዳ ውስጥ አያስገቡት።

የቀንድ አውጣ እንቁላልና አልጌ ለማስወገድ ባለ 5 በመቶ ተራ በረኪና ይሠራል፤ ሽቶም ሳሙናም ያልተጨመረበት ይሁን። 50 ሚሊ ሊትር በረኪና በ950 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ፣ ከ90 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ብቻ። በሚፈስ ውሃ አጥበው፣ የክሎሪን ማጥፊያ በእጥፍ መጠን በተጨመረበት ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያቆዩት። የዚህ ተክል ቅጠል ቀጭን ስለሆነ 3 ደቂቃ ከቆየ ነጥቶ ይወድቃል፤ ሰዓት ይዘው ይሥሩ። በረኪናው ፀረ ተባዩን እንደማያወጣው ልብ ይበሉ፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

መዳብ የያዘ የዓሣ መድኃኒትና የአልጌ ማጥፊያም ለሽሪምፕም ለተክሉም አይሆንም።


የኩሬ ዳር፦

"ይወርሰው ይሆን?" ያሉትን ሳልመልስ ቀርቻለሁ። ጥልቁን ውሃ አይወርሰውም፤ ሥር የሚይዝበት ስለሌለ ከዳሩ ግማሽ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይቆማል። የሚወርሰው እርጥብ መሬቱንና ሌሎች ትንንሽ የዳር ተክሎችን ነው። በበጋ እድገቱ ሲበረታ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይቁረጡት፤ የውሃው ገጽ ከሲሶ በላይ እንዳይሸፈን። በእጅ ከመጎተት በመቀስ መቁረጥ ይሻላል፤ ሲጎተት ከየአንጓው እየተበጣጠሰ ቁርጥራጩ ተንሳፎ ሌላ ጥግ ላይ ሥር ይይዛል።

የተቆረጠውን የትም አይጣሉት። በብዙ ቦታ ዘር እምብዛም አያፈራም፣ የሚራባው በዋናነት በግንድ ቁራጭ ነው፤ አንድ አንጓ ያላት ቁራጭ እርጥበት ካገኘች ትበቃዋለች። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለጌጥ ከአውሮፓ ተወስዶ ከጓሮ አምልጦ፣ በምሥራቁ ክፍል የወንዝ ዳርና ረግረግ ላይ የአገሩን ተክል እያፈነ እንደ ወራሪ የሚታይ ሆኗል። ኩሬው በዝናብ ጊዜ ሞልቶ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ የሚፈስ ከሆነ መፍሰሻው ላይ ወንፊት ያድርጉ፣ ተክሉንም ከመፍሰሻው ያርቁ። ቁራጩን ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ ላይ አስጥተው እስኪንኮሻኮሽ ያድርቁት፣ ከዚያ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ማስገባት ይቻላል። እርጥቡን ካስገቡት እዚያው ይበቅላል።

ቅጠሉ ድንገት ወንፊት ከሆነ ከሥሩ ገልበጥ አድርገው ይዩ፤ ግራጫ፣ አባጨጓሬ የሚመስሉ ትሎች ይኖራሉ። በእጅ ለቅመው ለጎልድፊሹ መጣል ነው። ፀረ ተባይ በጭራሽ አይርጩ፤ ፓይሬትሮይድ ያለበት መርጫ በነፋስ ተወስዶ ጥቂት ጠብታ እንኳ ኩሬው ውስጥ ቢገባ ዓሣውን ይጨርሰዋል። ትሉ ከበዛ ተክሉን እስከ 5 ሳንቲሜትር ድረስ አሳጥረው ይቁረጡት፤ ከሥሩ እንደገና ይመጣል።


ወረንጦ፦

ለሦስተኛው አንጓ፦ የሙቀቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ 27 ይሆናል።

ለጠያቂው፣ ስለ ቁረጣው አንድ የቀረ ነገር። እንደገና የተተከለው ውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ጫፉን ብቻ በየጊዜው እየቆረጡ ታችውን ከተዉት ላዩ ጥቅጥቅ ብሎ ታቹን ያጨልመዋል፤ ያው የቅጠል መርገፍ ይመለሳል። ግንዱን ከመካከል ይቁረጡና ላይኛውን 12 ሳንቲሜትር በአዲስ ቦታ ይትከሉ። የቀረው ጉቶ ከላይኛው አንጓ አንድ ወይም ሁለት ቀንበጥ ያወጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን አይቁረጡ፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከ2 ሳምንት በኋላ። በአንድ ጊዜ ብዙ ተክል ሲቀነስ ውሃው ውስጥ የሚተርፈውን ምግብ አልጌ ይወስደዋል።

መብራቱንና ሙቀቱን በአንድ ቀን አይቀይሩ። መጀመሪያ እስሩን ፈትተው እንደገና ይትከሉ፣ በዚያው ሳምንት ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉ፣ መብራቱን በቀጣዩ ሳምንት። የፈሳሽ ማዳበሪያውን ደግሞ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ካዩ በኋላ፣ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በግማሽ መጠን ይጀምሩ።